ብርድ የመታው ቢራ

ለጥሩዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

አንቺ ከሄድሽ ሁለት ክረምት አለፈ። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልከበደኝም፤ ይህን ስነግርሽ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻዬን ተቀምጬ እሰማ ነበር። በሁለተኛው ግን ያው ዝናብ ያንኑ ቆርቆሮ ሲደበድብ እኔ ጓዳ ገብቼ ባልዲ አቅፌ ነበር። ለምን ባልዲ እንዳቀፍኩ ልነግርሽ ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት። አንቺ ብትኖሪ ሳትስቂ አትጨርሺውም ነበር፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ ስለ ቤቱ ላውራሽ። የጓሮውን አጥር በአዲስ ቀርከሃ አሳጥሬዋለሁ። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። እኔ መሪ መጨበጥ ትቻለሁ፤ ዓይኔ ጭጋጉን አልችል አለ። ያ የጫግኒ መንገድ ያለ እኔም እየተነዳ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ልጃችን መቅደስ ትምህርቷን ጨርሳ ከቤልጂየም ተመልሳለች። እዚሁ እንጅባራ ታስተምራለች፤ የምታድረውም እኔው ጋ ነው። ስትቆጣ ድምፅዋ ቁርጥ አንቺን ነው። አንዳንዴ እንድትቆጣኝ ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ እገባለሁ።

መቅደስ ስትመለስ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ገና እዚያ ሳለች ስለ አገሩ ቢራ በስልክ ያጫወተችሽ ትዝ ይልሻል? መነኮሳት በገዳማቸው ይጠምቁታል ስትልሽ፣ "መነኩሴ ጠማቂ? ጌሾውንስ ማን ይወቅጥላቸዋል?" ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ሳቁ ሲበርድልሽ ደግሞ ጉዳዩ ከነከነሽና "እስቲ አምጪልኝና ልየው" አልሻት። እሷም ያንን ቢራ ቤት ውስጥ ለመጥመቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ካርቶን ገዝታ አስቀመጠችልሽ። ካርቶኑ ሳይደርስሽ አንቺ ሄድሽ። መቅደስ ይዛው ገባችና ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረችው፤ ሁለታችንም ለመክፈት አልደፈርንም። አቧራውን እየጠረግን መልሰን እናስቀምጠዋለን።

ፍልሰታ እንደተፈታ ግን መቅደስ ስታጸዳ ካርቶኑ ላይ የታተመውን ቀን አየችው። "አባዬ፣ ጊዜው ሊያልፍበት ነው" አለችኝ።

በዚያው ሰሞን እኔ ሌላ ጭንቅ ነበረብኝ። የሚካኤል ማኅበር ተራ ወደ ቤታችን እየመጣ ነበር። በፊተኛው ተራ ሐዘን ላይ ናቸው ብለው አልፈውናል። ያን ሰሞን ግን የንስሐ አባታችን እስከ ቤታችን መጥተው፣ "ደሳለኝ፣ ማኅበርተኛዋ ጥሩወርቅ ነበረች። ቦታዋን የሚይዝ ሰው ከቤታችሁ አለ ወይስ ለሌላ እንስጠው? ኅዳር ሚካኤል ተራችሁ ሲደርስ ቁርጡን ንገሩን" አሉኝ። እኔ በልቤ ለሌላ ይሰጥ ብዬ ጨርሼ ነበር። ሰው ሁሉ ከዚህ ቤት የሚጠብቀው የአንቺን ጠላ ነው፤ የአንቺን ጠላ ደግሞ ከየት አመጣለሁ? መቅደስ እንደሆነች ብቅል ከመያዟ በፊት እስክርቢቶ ነው የያዘችው። እኔንም ቢሆን ጋን አጠገብ አላስደርስ ብለሽ፣ "ወንድ የቆመበት ጠላ ይኮመጥጣል" እያልሽ በማማሰያ ስታባርሪኝ ነው የኖርሽው።

ሐሳቤን ለመቅደስ ብነግራት ተቆጣች። ጫማ ካለማውለቄ የባሰ ቁጣ ነበር። ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና፣ "የእማዬ ስጦታ ነው፤ በእማዬ ቤት ይጠመቅ፣ የእማዬ ማኅበር ይጠጣው። ከዚያ ወዲያ ቦታውን መስጠት ካለብህ ትሰጣለህ" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ካርቶኑን ስንከፍተው ውስጡ ያለውን ብታዪ! በትልቅ ቆርቆሮ የታሸገ፣ እንደ ጥቁር ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ አለ። ብቅሉን እነሱው አብቅለው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ጨምቀው ነው የሚልኩት፤ ለአንቺ ሳምንት የሚፈጅብሽን ሥራ ቆርቆሮ መክፈቻ ይጨርሰዋል። እንደ ዶሮ መኖ የተድበለበለ አረንጓዴ ነገርም አለ፤ ሆፕስ ይሉታል፣ በኛ ጌሾ ቦታ የሚገባ ነው። ቀምሼው ፊቴ ተጨማደደ፤ ከጌሾ አይተናነስም። የእርሾ ከረጢት፣ ሙቀት መለኪያ፣ ክዳን ያለው ትልቅ ነጭ ባልዲ። ክዳኑ ላይ ውኃ ያዘለች ጠማማ የፕላስቲክ ቧንቧ ትሰካለች፤ የውስጡን አየር ታስወጣለች፣ የውጭውን አታስገባም።

መቅደስ ውኃ ልታፈላ ስትወጣ "አባዬ፣ ባልዲውን በደንብ አጽዳልኝ" አለችኝ። አንቺ ጋን የምታጸጂው እንዴት እንደሆነ አይቻለሁ፤ እኔም እንደዚያው ላደርግ ተነሳሁ። ከሰል አያያዝኩ፣ ወይራ ጨመርኩበት፣ ጭሱ ጥሩ አድርጎ ሲወጣ ባልዲውን ልደፋበት ስል መቅደስ ደረሰች። "አባዬ! ፕላስቲክ እኮ ነው!" ብላ ጮኸች። የባልዲው ከንፈር አንድ ጎኑ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ማጽዳቱን ለራሷ አደረገችው፤ እኔ እንዳማስል ብቻ ተፈቀደልኝ። በዚያችው በአንቺ ማማሰያ አማሰልኩ፤ እሷንም ቢሆን በፈላ ውኃ ሳትቀቅል አልሰጠችኝም። ብቅሉ ሲፈላ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከሁለት ክረምት በኋላ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የጥንስስ ሽታ ሸተተ። መቅደስና እኔ ተያየን፤ እሷም በሩን ዘጋችው፣ ሽታው እንዳይወጣ።

ቀዝቅዞ እርሾው ከተጨመረ በኋላ በማግስቱ ቧንቧዋ መናገር ጀመረች። "ቡልቅ" ትላለች፤ ቆይታ ደግሞ "ቡልቅ"። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ራዲዮ ከማዳመጥ ይሻላል። በሦስተኛው ቀን ግን ዝም አለች። የእንጅባራን የነሐሴ ብርድ ታውቂዋለሽ። መቅደስ መለኪያውን አይታ፣ "ይኼ እርሾ ሙቀት ይወዳል፤ ብርዱ አስተኝቶታል" አለች። በጋቢ ጠቀለልኩት። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ከሰል ያለበት ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ መቅደስ ፕላስቲኩን አስታውሳ አነሳችብኝ። በመጨረሻ እኔው አቀፍኩት። ዝናብ ሲደበድብ ባልዲ አቅፌ ነበር ያልኩሽ ይኼንን ነው። አልነቃም።

መቅደስ እንባዋ መጣ። "ወደ ቆላ ቢወርድ ኖሮ..." አለችና አቋረጠችው።

ለምን እንዳቋረጠችው ታውቂያለሽ። በዚህ አካባቢ ቆላ ያለን ዘመድ ጫግኒ ያሉት ታላቅ እህትሽ፣ እትዬ አገሬ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከተዝካርሽ ወዲህ እንጅባራን አልረገጡም። በመጀመሪያ "ያንን ቤት ያለ ጥሩ አላየውም" አሉ፤ ማንም አልፈረደባቸውም። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክም ጠፋ። መንገዱ ሲከፈትና ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ ዝምታው ራሱ ረዝሞ ቆየብን። ምን ብዬ ልደውል? እሳቸውስ ምን ብለው ይምጡ? አልተጣላንም፤ ግን ከተጣላ ሰው በላይ ተራራቅን። እኔ ያንን መንገድ ዕድሜ ልኬን ነድቼው፣ አንዲት ቀን እንደ ሰው ተሳፍሬ ልሂድበት አቃተኝ።

መቅደስ ሥራ አላት፤ ባልዲው ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ጠዋት ተነሳሁና ባልዲውን በጋቢ ጠቅልዬ መናኸሪያ ሄድኩ።

ረዳቱ፣ "ጋሼ፣ ባልዲው ወደ ላይ ይጫን" አለኝ። "ይኼ አይጫንም፣ ይታቀፋል" አልኩት። ሾፌሩ ድሮ እኔ ጋ ረዳት የነበረው ነው፤ በመስታወት አየኝና፣ "ጋሽ ደሴ! ክርስትና ሊያስነሱ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። አጠገቤ የተቀመጠች የጫግኒ ነጋዴ ደግሞ፣ "አባቴ፣ እርጎ ነው?" አለችኝ። "ቢራ ነው፣ ልጄ። ብርድ መትቶት ነው። ጫግኒ ወስጄ ላሙቀው ብዬ" አልኳት። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ "እኔንም ብርድ መትቶኛል፤ አጠገቡ ልቀመጥ?" አለ።

እነሱ ሲስቁ እኔ ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርሽ? በመጀመሪያ ያየሁሽ ቀን። በዚሁ መንገድ ለእህትሽ ጠላ በጀሪካን ይዘሽ ተሳፍረሽ፣ ከመታጠፊያው ላይ ክዳኑ ተፈናጥሮ ተሳፋሪውን ሁሉ አጥምቆት ነበር። ሰው ሲያጉረመርም አንቺ ቆመሽ፣ "ምን ትቆጣላችሁ፣ ሰው ለምኖ የማያገኘውን ጠላ እኮ ነው ያጠመቅኋችሁ!" አልሽ። እኔ መኪናውን ዳር አስይዤ እስኪበቃኝ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ደግመሽ እስክትሳፈሪ ድረስ የቅዳሜን ገበያ ስጠብቅ ከረምኩ። አንቺ ግን፣ "ጋቢና የምታስቀምጠኝ ለጀሪካኔ አዝነህ ነው" ስትይኝ ኖርሽ።

ከደጋው ወርደን አየሩ ሞቅ ማለት ሲጀምር ጋቢውን ከላይ ገለጥ አደረግሁለት። መንገጫገጩ ይሁን ሙቀቱ አላውቅም፣ ከእቅፌ ውስጥ "ቡልቅ" አለ። ነጋዴዋ፣ "ዝም በሉ! ዝም በሉ!" አለች። ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ሾፌሩ እንኳ ሙዚቃውን አጠፋ። ትንሽ ቆየና ደግሞ "ቡልቅ"። ያኔ ሚኒባሱ ሙሉ እልል አለ። ጥሩዬ፣ ሠርጋችንም እንደዚያ የደመቀ አይመስለኝም።

እትዬ አገሬ በር ላይ ደርሼ ባልዲውን እንዳቀፍኩ በክርኔ አንኳኳሁ። በመንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ "መንገዱ ነው፣ ዓይኔ ነው" የሚል። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ሁሉም ጠፋኝ። ከስተዋል፤ ሽበታቸው ጨምሯል፤ አፍንጫቸው ያንቺው አፍንጫ ነው። ቆመን ስንተያይ ባልዲው "ቡልቅ" አለ።

"ምንድን ነው የሚናገረው?" አሉኝ።

"የጥሩ ነው፣ እትዬ" አልኳቸው። "መቅደስ ለእናቷ ያመጣችው ነው። እኛ ጋ ብርድ መታው፤ እርስዎ ጋ ይሙቅ ብዬ ይዤው መጣሁ።"

ባልዲውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ከእጄ ተቀበሉኝና፣ "ግባ እንጂ፤ አንተም በርዶሃል" አሉኝ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። በመካከላችን ባልዲ ስለነበረ በወጉ እንኳ አልተቃቀፍንም። ሲወጣልን ሳቃችን መጣ፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም።

ባልዲውን ከመኝታ ክፍላቸው ጥግ አኖሩት። በየቀኑ መቅደስ ትደውላለች፤ እሳቸው ስልኩን ቧንቧዋ ላይ ያስጠጉላታል። "ልጃችሁ ዛሬም ሲያወራ ዋለ" ይሏታል። እኔ ለአንድ ሌሊት ብዬ ሄጄ ሳምንት ተቀመጥኩ። ቀን ቀን ከማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን አንቺን እናነሳለን። ልጅ ሳለሽ ከአባታችሁ ማድጋ ጠላ ሰርቀሽ ለበጎች ያጠጣሽውን ነገሩኝ፤ ይኼን ሁሉ ዘመን ደብቀሽኛል! በጎቹ ወደ ቤት የገቡት አንዱ በሌላው ላይ እየተደገፉ ነው አሉ። እትዬ ይኼንን ሲያወሩ በአዊኛ ይጀምሩታል፣ እኔ የማልሰማው ቦታ ሲደርሱ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ ሳቁ ሲመጣ ደግሞ ወደ አዊኛቸው።

መፍላቱ ሲያበቃ መቅደስ መጣችና ጠርሙስ ውስጥ ጨመርነው። ከየግሮሰሪው የለቀምናቸውን ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ስናጥብ ዋልን። በየጠርሙሱ ትንሽ ስኳር ይገባል፤ እርሾው እሷን በልቶ ነው አረፋ የሚሠራው። ቆርኪ መምቻውን መጀመሪያ እኔ ያዝኩ፤ ሁለት ቆርኪ አጣመምኩ። እትዬ ነጠቁኝና እንደ ድሮ ሥራቸው ቀጥ ቀጥ አደረጉት። ከባልዲው ሥር የተረፈውን ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሙዝ ሙዝ ይላል። ማነው ሙዝ የከተተበት?" አሉ። መቅደስ እርሾው ነው እንዲህ የሚያደርገው ስትላቸው አላመኗትም፤ እኔን ነው የጠረጠሩት።

እንግዲህ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቢራውን ለማምጣት ዋዜማውን ጫግኒ ወረድኩ። እትዬ ጠርሙሶቹን በገለባ ሸፍነው በሳጥን አዘጋጅተው፣ እሳቸውም ነጭ ለብሰው ጠበቁኝ። እንዲመጡ አልጠየቅኋቸውም፤ ፈርቼ ነበር። ሲሳፈሩ ቦታ ለቀቅሁላቸው።

ከቤታችን በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። አዲሱን የቀርከሃ አጥር እየዳሰሱ ቆሙ። እኔም ሳጥኑን መሬት አስቀምጬ አብሬ ቆምኩ። መቅደስ ከውስጥ ስትወጣ ያንቺን ቀሚስ ለብሳ ነበር፣ ያንን አረንጓዴ ጥለት ያለውን። እትዬ አዩዋትና፣ "ረዘመባት" አሉ። "ማሳጠር አለብን።" ብለውም ገቡ። ወዲያው ጓዳ ገብተው ዕቃ ሁሉ ቦታው አይደለም ብለው ማዘዝ ጀመሩ። እኔ ውጭ ሆኜ ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ሁለት ሴቶች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ቤቴ ቤት ሆነ።

ማኅበርተኛው መጣ። ጎረቤቶቻችን ቢራው ባይሆን ብለው ጠላ ጠምቀው ደብቀው አዘጋጅተው ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው፣ እሱም ቀረበ። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ሲባረክ መቅደስ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለንስሐ አባታችን ከፈተችላቸው። አረፋው ተነሳና ብርጭቆውን ሞልቶ እጃቸውን አልፎ እስከ ክንዳቸው ወረደ። እሳቸው ተረጋግተው ባረኩት፣ ቀመሱት፣ ቆዩ። ደግመው ቀመሱት። "ይኼ ጠላ አይደለም" አሉ። ዓይኔን ወደ ጎረቤቶቻችን ጠላ ወረወርኩ። "የጠላ የክርስትና ልጅ ነው" አሉና ብርጭቋቸውን ለመቅደስ ዘረጉ።

መቅደስ ይኼ ቢራ ኃይለኛ ነው፣ በትንሹ ይጠጣ ብላ ለምና ነበር። ማን ሰምቷት! ጋሽ አለምነው፣ ያ ሁልጊዜ ያንቺን ጠላ "ቀጠነ" እያለ ሦስቴ የሚያስቀዳው፣ "የፈረንጅ ውኃ ነው" ብሎ ጨለጠው። ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ፈከረ። የፈከረው ስለ ጦርነት አይደለም፤ ስለ በቅሎው ነው። ከዚያ ቁጭ አለና እንቅልፉን ለጠጠው፤ ሚስቱ "ከነወንበሩ ተሸክማችሁ ውሰዱልኝ" ብላ ሳቀች። እንደዚያ የተሳቀበት የማኅበር ቀን የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

ሳቁ ጋብ ሲል የንስሐ አባታችን የሞቱትን ማኅበርተኞች ስም ጠሩ፤ ያንቺንም ጠሩ። "እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር" ተባለ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። "ደሳለኝ፣ የጥሩወርቅን ቦታ ምን አደረጋችሁት?"

አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበረ ዛሬም አላውቀውም። እትዬ አገሬ ቀደሙኝ። ከጓዳው በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ፣ "እኔ እይዘዋለሁ" አሉ።

"እትዬ፣ ጫግኒ እኮ ሩቅ ነው" አልኳቸው።

"አንተ በየቀኑ ስትመላለስበት አልኖርክም? እኔ በወር አንዴ ያቅተኛል?" አሉኝ።

ማኅበርተኛው እልል አለ። ጽዋው ፊት ቆመው ስማቸው ሲመዘገብ አየሁ፤ ያንቺ ቦታ ላይ ያንቺ እህት። ባዶ አልቀረም፣ ጥሩዬ። ለባዕድም አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሚካኤል ዋዜማ ይመጣሉ፤ ሲመጡም ከሁለት ቀን በታች አይቀመጡም። የካርቶኑ ቢራ አልቋል። መቅደስ ሌላ ላስመጣ ስትል እትዬ ከልክለዋታል፤ ባይሆን ያንቺን ጠላ እኔ ራሴ እንድጠምቅ ፈርደውብኛል። አዎ፣ እኔ! ወንድ የቆመበት ይኮመጥጣል የሚለውን ነገር ስነግራቸው፣ "እሷ ብቻዋን ለመሥራት ፈልጋ ነው እንጂ ማን እንዲህ አለ?" ብለው ሳቁብኝ። ያታለልሽኝን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ዘንድሮ የታጨደውን ገብስ ነከርን፤ በኮባ ቅጠል ሸፍነነዋል፣ ነጭ ጭራ ጭራ ማውጣት ጀምሯል። ነገ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ጌሾውንም የምወቅጠው እኔ ነኝ። ያንቺን እጅ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ኮምጥጦም ቢወጣ ስምሽ ሳይነሳበት አይቀዳም፤ ይኼን ቃል እገባልሻለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ በዚህ ቤት የሚጠመቅ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ብርጭቆ ላንቺ ነፍስ ይባረካል። እኔ ስደክም መቅደስ ትቀጥለዋለች፤ አስምያታለሁ።

ይኸው እትዬ ከጓዳ እየተጣሩ ነው፤ ውኃ ቅዳ ይሉኛል። እንዳይቆጡኝ ልሂድ።

የዘወትርሽ፣
ደሴ